በጋምቢያ ዞሮ የመጣው እሽግ

ባለቤቴ መኪና የሚመረምረው በጆሮው ነበር። የክልሉ መንግሥት ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆሞ ሾፌሩን «አስነሳ» ይለዋል። ሞተሩ ሲነሳ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ብረቱ ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ያስደግፋል። ዓይኑን ይጨፍናል። በዙሪያው ያሉት ሁሉ ዝም ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ካቻቢቴውን ያነሳና «የውሃ ፓምፑ ነው፤ አንድ ወር ይቆያል» ብሎ ወደሚቀጥለው መኪና ይሄዳል። የውሃ ፓምፑም አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ይሰበራል።

እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩት ጎሬ ነው። ተመድቤ ወደ ጋምቤላ ስወርድ ክልሉ ክልል ከተባለ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ቢሮዎቹ አዲስ፣ ማኅተሞቹ አዲስ፣ የበር ላይ ጽሑፎቹ ቀለማቸው ያልደረቀ፤ መኪኖቹ ብቻ አሮጌ ነበሩ። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ከኃላፊዎቹ ሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ሰው እሱ ነበር። አኝዋክ ነው፣ የአቦቦ ልጅ። ሙያውን አዲስ አበባ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ። የተጋባን ጊዜ የእኔ ሰዎች ትንሽ አኮረፉ፣ የእሱ ሰዎች ትንሽ ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም ለመደው። ልጅ አልወለድንም።

አማርኛው ጥሩ ነበር፤ ሲደክመው ግን ወንድና ሴት ይምታታበታል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እጁን በላርጎ ታጥቦ ገብቶ «አንተ፣ ዛሬ ደክሞሃል» ይለኛል። ስንት ተማሪ ሳርም የምውል ሰው፣ ያንን ስህተት አንድ ቀን አርሜው አላውቅም። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጠን የቀኑን መኪኖች ያወራልኛል። አያወራልኝም እንኳ፣ በአፉ ያሰማኛል። የጤና ቢሮው መኪና እንዴት እንደሳለ፣ የትምህርት ቢሮው መኪና ዳገት ላይ እንዴት እንደሚያለቅስ። ከንፈሩን ያርገበግባል፣ በጉሮሮው ያጉረመርማል፣ በጥርሱ ያፏጫል። እስክታመም ያስቀኝ ነበር።

ከዚያ ወባ ያዘው። ወባ ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በዓመት አንዴ ሁለቴ የማይጎበኘው ሰው የለም። የዚያን ጊዜው ግን ከበደ። አራት ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። በግሉኮስ ኩዊኒን ሰጡት፣ ተረፈ። ሲነቃ መጀመሪያ ያለኝ «ጄኔሬተሩን አጥፉት» ነው። ጄኔሬተር አልነበረም። ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችል፣ ጩኸቱም ቀስ እያለ እንደሚተወው ነገረን። እኔም አመንኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ገባ።

ያኮረፈኝ መስሎኝ ነበር። ከጓዳ ስጠራው አይመልስልኝም። ወጥ ልጨምርልህ ስለው «አዎ፣ ሞቃት ነው» ይለኛል። በረንዳው ላይ መቀመጡን አልተወም፣ ግን መኪኖቹን ማሰማት ተወ። መልሱን ስለፈራሁ እኔም አልጠየቅሁትም።

አንድ ቀን ምሳ ላደርስለት ጋራዥ ሄድኩ። የጤና ቢሮው ሾፌር ቆሞ ያናግረዋል። ከሁለት ቀን በፊት ባለቤቴ መርምሮ «ደህና ናት» ያላትን መኪና ይዞ ክትባት ሊያደርስ ወደ መቲ ወጥቶ ነበር። ጫካው መሐል የኋላ ጎማዋ ኩሽኔታ ተሰባብሮ ቆመች። ሰው አልተጎዳም፤ ነገር ግን የበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ቀለጠ፣ ክትባቱም ተበላሸ። ሾፌሩ ትሑት ሰው ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ጎማዋ ከመውጣቴ በፊትም እያጉረመረመ ነበር። እኔ እንኳ ሰምቼዋለሁ። እርስዎ እንዴት ሳይሰሙት ቀሩ?» አለው።

ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ፣ መንገዱ መጥፎ ነው» አለ።

ሾፌሩ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከሥራ ሲወጣ ጠብቄው አብረን ወደ ቤት ሄድን። የባሮ ድልድይ ላይ ስንደርስ ሆን ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁና በስሙ ጠራሁት። መራመዱን ቀጠለ። ጮክ ብዬ ጠራሁት። ከታች ወንዙ ውስጥ የሚታጠቡ ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ፤ እሱ አልዞረም። ሮጬ እጅጌውን ያዝኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

አፌን አፌን አየ። ደግሜ ጠየቅሁት።

«ከወባው» አለ። «የግራው ትንሽ አለ። የቀኙ የለም።» ከዚያ ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ «ለማንም አትንገር» አለኝ።

አልነግርም አልኩት። እየጮህኩ ነው የነገርኩት፤ ለማንም እንደማልናገር ድልድዩ ሁሉ ሰማኝ።

የአንድ መሣሪያ ነገር ያነሳው በዚያው ሰሞን ነው። ለቢሮዎቹ ሁለት አዳዲስ ፒክአፖች መጥተው ነበር፤ ዳሽቦርዳቸው ላይ የሞተር ሥዕል ያለው ቢጫ መብራት አላቸው። አዲስ አበባ ለሥልጠና በሄደ ጊዜ እንዲህ ዓይነት መኪና ኮምፒውተር እንዳለው፣ ከመሪው ሥር በሚሰካ መሣሪያ ሲጠየቅም ሕመሙን በጽሑፍ እንደሚናገር አሳይተዋቸው ነበር። ያኔ ብዙም አላስደነቀውም። አሁን ግን ሌላ ነገር አላወራ አለ። «ይጽፋል» ይለኛል። «መስማት አያስፈልግም። ይጽፋል፣ አነባለሁ።»

በከተማው ኢንተርኔት የነበረው የስደተኞች እርዳታ ድርጅት ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፤ ጣሪያው ላይ ትልቅ ሳህን ነበረው። የመኪኖቻቸው ኃላፊ ረጅም ፈረንጅ ነው፣ ባለቤቴን የሚወደው። ስለ መሣሪያው ስንጠይቀው የዋናው ፋብሪካ መሣሪያ ዋጋ አንድ አሮጌ መኪና እንደሚገዛ ነገረን። ፊታችንን አየና ደግሞ፣ በኢንተርኔት ርካሽ የሚሸጡ የሩቅ ምሥራቅ ነጋዴዎች አሉ፣ አርብ አርብ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ልትጠቀሙ ትችላላችሁ አለን። እሱ በካርዱ ይከፍልልናል፣ እኛ ብሩን ለእሱ እንሰጠዋለን።

እነዚያን አርቦች እስከ ዛሬ እናፍቃቸዋለሁ። ከትምህርት ቤት በቀጥታ እሄዳለሁ፤ እሱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። ሁለት ወንበር አስጠግተን እንቀመጣለን። የዕቃው ፎቶ ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ገመዱ፣ ከዚያ ሰማያዊው ሣጥን፣ በመጨረሻ ጽሑፉ የሚወጣባት ትንሿ መስታወት። ትከሻው ትከሻዬን ይነካል። በግራ ጆሮው በኩል ነበር የምቀመጠው።

«ድምፅ አለው?» ይለኛል።

«የለውም ይላል።»

«ጥሩ።»

ከሻጩ ጋር የምጻጻፈው እኔ ነበርኩ። የጋራዡን መኪኖች ዓይነትና ዓመት ሁሉ ዘርዝሬ የትኛው ላይ እንደሚሠራ ጠየቅሁት። በሚቀጥለው አርብ መልሱ ጠብቆኛል። እንግሊዝኛው የእኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች እንግሊዝኛ ነው። ወደ አማርኛ ብመልሰው እንዲህ ያለ ነገር ነበር፦ «ውድ ጓደኛ፣ ሁሉ መኪና ይሆን። ሁሉ መኪና ደስተኛ።» ቀይ እስክሪብቶ አማረኝ። ለባለቤቴ ግን «ሁሉም መኪና ላይ ይሠራል ብሏል» ብዬ ጮክ ብዬ ነገርኩት። እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። አዘዝነው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። አንድ ወር ይደርሳል የተባለው ሁለት ወር ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ዝናቡ ገባ፣ ባሮ ሞላ፣ የጎሬ መንገድ ተቆርጦ ተቀጠለ። እሱ በየቀኑ ወደ ቤት ሲመጣ ፖስታ ቤት ይገባል። ጸሐፊዋ ከሩቅ ስታየው እጇን ታወዛውዝለታለች፤ የለም ለማለት። እኔም ከእሱ ባልተናነሰ እጠብቅ ነበር። ምን እንደምጠብቅ ለራሴ ነግሬው አላውቅም። ብቻ ያ ሣጥን ሲመጣ በረንዳው ላይ የነበረው ሰው አብሮ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «ተልኳል፣ ታገሺ ጓደኛ» አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ። «ተልኳል» አለኝ። እሽጉ በመጨረሻ በአምስተኛው ወር መጣ። ባለቤቴ አላመነም፣ ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ አገላብጦ ያየው ነበር። አድራሻው ላይ ሻጩ «ጋምቤላ» በማለት ፈንታ «ጋምቢያ» ብሎ ጽፏል። እሽጉ እዚያ ድረስ ሄዶ፣ አንድ ደግ የፖስታ ሠራተኛ ከታች «ኢትዮጵያ» የሚለውን አይቶ በእስክሪብቶ አክብቦበት መልሶታል። የጋምቢያ ማኅተም ሦስት ቦታ ላይ ተመትቶበታል።

«አፍሪካን ዞረ» አለ ባለቤቴ፤ ሳቀም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ጋራዡ ባዶ ነው፤ አብሬው ሄድኩ። መመሪያው ከሁለት ገጽ በቀር ሁሉም በቻይንኛ ነው። ሁለቱን ገጽ አነበብኩለት። ከአዲሱ ፒክአፕ መሪ ሥር ተንበርክኮ ሶኬቱን አገኘ። መሣሪያው ልክክ ብሎ ገባ። መስታወቷ አረንጓዴ በራች።  ፊደሎቹ መጡ። እሱ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ አንብብልኝ ማለቱ ነው።

«ግንኙነት የለም ይላል» አልኩት።

አልሰማኝም። በጣቴ በመዳፉ ላይ ጻፍኩለት።

ነቅሎ ሰካው። ሞተሩን አስነስቶ ሰካው። ወደ ሁለተኛው ፒክአፕ ሄደ፤ ያው ነው። አሮጌዎቹ መኪኖች እንኳን ኮምፒውተር፣ የሚሰካበት ቀዳዳም የላቸውም፤ እሱ ግን ቀዳዳ እንደሌላቸው እያወቀ በየመሪያቸው ሥር እየተንበረከከ በእጁ ዳበሰ። እስከ ቀትር እንደዚያ ዋለ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያጋግለው እንሂድ አልኩት። አልሰማኝም ወይም እንዳልሰማ ሆነ።

በከተማው ውስጥ መሣሪያው የሠራበት አንድ መኪና ብቻ ነው፤ የፈረንጁ ትንሽ የቤንዚን መኪና። እሷ ላይ ሲሰካ አንድ ፊደልና አራት ቁጥር አወጣ። ኢንተርኔት ላይ ስንፈልገው በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ዕቃ ተበላሽታለች ማለት ሆኖ ተገኘ። ዕቃዋ ጋምቤላ ውስጥ የለችም፣ መኪናዋም ያለ እሷ ደህና ትሄዳለች። ፈረንጁ አጨበጨበ። ባለቤቴ በትሕትና ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ አልወደድኩትም።

በዚያ አርብ ለሻጩ ክፉ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተማርኩትን እንግሊዝኛ ሁሉ አፈሰስኩበት። መልሱ አጭር ነበር፦ «ውድ ጓደኛ፣ ናፍጣ መኪና አይሆን። አንቺ ናፍጣ አላልሽ።» እውነቱን ነው። ዓይነትና ዓመት ብቻ ነበር የጻፍኩለት።

ባለቤቴ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። አነበበውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ፣ ያን ሰሞን እንደለመደው ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ፣ «ለጆሮ የሚሆን መሣሪያ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለኝ። በቢሮው የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ለማንም እንዳልነግር ያስማለኝን ምሥጢር ራሱ እንደዚያ አወጣው። ድምፁ ምን ያህል እንደጮኸ አላወቀም።

ጻፍኩ። በዚህኛው ደብዳቤ ግን አልተቆጣሁም። ባለቤቴ መካኒክ መሆኑን፣ መኪና በጆሮው ይመረምር እንደነበር፣ ከወባው በኋላ እንደማይሰማ፣ መሣሪያውንም የፈለግነው ለዚህ እንደነበር ነገርኩት። ለማላውቀው የሩቅ አገር ነጋዴ፣ ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኩት።

በሚቀጥለው አርብ የመጣውን መልስ በቃል አውቀዋለሁ። «ውድ ጓደኛ፣ የጆሮ አለኝ። ርካሽ ነው። አንቺ አትግዢ። አባቴ ይህን ያደርጋል። ጫጫታ ብቻ ትልቅ ይሆናል፣ ቃል አይለይም። አባቴ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ይተዋል። ለባልሽ አዝናለሁ።» ከሥር ደግሞ ለመሣሪያው የከፈልነውን ግማሹን እንደሚመልስ ጽፎ ነበር፤ መለሰም።

ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። «ጥሩ ሰው ነው» አለ። ሰኞ ዕለት የጋራዡ ኃላፊ ዘንድ ገብቶ በራሱ አፍ ተናገረ። አላባረሩትም፤ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ሰጡት። መደርደሪያዎቹን በጣም አሳምሮ ስላደራጃቸው ዓይኑን ጨፍኖ ማንኛውንም ብሎን ያነሳል። ከውጭ መኪና ሲነሳ ግን በሩ ጋ ወጥቶ የሞተሩ ኮፈን ሲንቀጠቀጥ ያይ ነበር። አየሁት። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

የግራውም ጆሮ ዓመት ሳይሞላው ሄደ። በወረቀት መነጋገር ጀመርን። ቤታችን በወረቀት ተሞላ፤ «ጨው በቃህ?»፣ «እናትህ ዘንድ መቼ እንሂድ?»፣ «ምን ሆነሃል?»። ወረቀት ላይ ቀልድ አይመጣም። ቁጣም አይመጣም። እኔ የጻፍኩትን አንብቦ እስኪጨርስ ቁጣዬ ያልፋል።

ታላቅ እኅቱ ከአቦቦ ልትጠይቀን የመጣችው ያኔ ነው። ዕቃዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ አናገረችው፣ በአኝዋክኛ፣ እንደ ድሮው፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። እሱ መለሰላት። ሌላ ነገር አለችው፤ ሳቀ፣ ከሆዱ ሳቀ። ቆሜ ቀረሁ። አፏን እያየ ነበር የሚሰማት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያንን ቋንቋ በእናቱና በእኅቱ ከንፈር ላይ ሲያየው ኖሯል፤ ዓይኑ ያውቀዋል። የእኔን አማርኛ ግን በጆሮው ብቻ ነበር የተማረው፣ ከጆሮው ጋር አብሮ ሄደ።

የዚያን ቀን የተሰማኝ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ከተጋባን አሥር ዓመት ሊሆነን ምን ቀረን፣ ከእሱ ቋንቋ የማውቀው የገበያውንና የሰላምታውን ብቻ ነበር። እሱ የእኔን ተምሮልኝ ነበርና የእሱን መማር አስፈልጎኝ አያውቅም። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ወጥቼ እኅቱን አንድ ወር እንድትቀመጥልኝ ለመንኳት።

ሁለት ወር ተቀመጠች። እየፈጨን፣ ዓሣ እየጠበስን አስተማረችኝ። በአርባ ዓመት አካባቢ ቋንቋ መማር ድንጋይ እንደ መሸከም ነው። ማታ ማታ የተማርኩትን ፊቱ ቁጭ ብዬ፣ አፌን ሰፋ አድርጌ ከፍቼ እናገራለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ግራ ተጋብቶ ያየኝ ነበር። አንድ ቀን፣ ወንዙ ዛሬ ሞልቷል አልኩት። «አዎ፣ አየሁት» አለኝ። ይኸው ነው ያለኝ። እኔ ግን ተነስቼ ግቢውን አንዴ ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖርን፤ ደህና ዓመታት ነበሩ። ሁሉንም አልመለሱልኝም። በዚያ ቋንቋ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከአምስት ዓመት ልጅ ጋር ስለ ሁሉም ነገር አይወራም። መኪኖቹንም በአፉ አላሰማኝም ዳግመኛ። አንዴ ለመንኩት፣ ራሱን ነቅንቆ «አስታውሳለሁ ግን አላውቅም» አለኝ። ምን ማለቱ እንደነበር ስተኛም ስነሳም አስባለሁ።

ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ጡረታ ስወጣ ዘመዶቼ ወደ ጎሬ ተመለሺ ብለውኝ ነበር፤ ሄጄ አንድ ክረምት ሞከርኩት፣ ብርዱም ጸጥታውም አልሆነኝም፣ ተመለስኩ።

ባለፈው በጋ እኅቱን ልጠይቅ አቦቦ ሄድኩ። አሁን አርጅታለች፤ በሯ ላይ ባለው ጥላ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀምጬ በአኝዋክኛ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናዬ ነገርኳት። የልጆቿ ሚስቶች አፋቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። እሷም ሳቀች፣ እጄን ያዘች።

«አፍሽን እንደዚህ የምትከፍቺው ለምንድን ነው?» አለችኝ። «እኔ እኮ እሰማለሁ።»

አፌን ሰብሰብ አድርጌ ልናገር ሞከርኩ። ቃሎቹ ሌላ መውጫ የላቸውም፤ እንደዚያው ሰፋ ብለው ወጡ። እሷም ተወችኝና ስለ ልጅነቱ ታወራልኝ ጀመር፤ ወንዝ ዳር ሆኖ ከጭቃ ስለሚሠራቸው መኪኖች። አንዳንድ ቃል ላይ፣ በተለይ ስትስቅ መጨረሻው ላይ፣ ድምፅዋ የእሱ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኳት። ሦስት ቀን ልቀመጥ የሄድኩት ሰው አሥራ አንድ ቀን ተቀመጥኩ።